ሰር ጆን ቻርንሊ፡ የሥራቸውን ውድቀት በገዛ ጭናቸው የመረመሩ ሐኪም

ጉልበቱ ተበልቶ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተካለት ሰው፣ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ባንኮክም ይሁን ዴልሂ ወይም ዋሽንግተን፣ ለሐኪሙ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ይህ የገባልኝ ነገር ስንት ዓመት ያገለግለኛል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጉልበቴ እንደ ቀድሞው ይታጠፍልኛል ወይ የሚል ነው። ጥያቄዎቹ ተራ ይምሰሉ እንጂ እርስ በርስ የሚጎተቱ ናቸው። ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ አያልቅም። እንደ ልብ የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ግን ይፋተጋል፤ የተፋተገ ነገር ደግሞ ያልቃል። ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል። እንዲጸናለትም፣ እንዲታጠፍለትም።

በዚህ ጉተታ መካከል ዕድሜውን የጨረሰ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ሰር ጆን ቻርንሊ ይባላሉ። በዓለም የታወቁት በጉልበት ሳይሆን በዳሌ መገጣጠሚያ ቢሆንም፣ ዛሬ በየአገሩ የሚተከለው ሰው ሠራሽ ጉልበት የተሠራው እሳቸው ለዳሌ ባገኙት መንገድ ነው። ይህ ጸሐፊ የተማረው ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም። የሰውየውን ሕይወት እዚህ ማንሳት ያስፈለገው ለፈጠራቸው ብቻ ብሎ አይደለም፤ በራሳቸው ላይ ማስረጃ የሚያቀርብ አሠራር በገዛ እጃቸው ያቋቋሙ ሰው ስለነበሩ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ቻርንሊ ኦገስት 29 ቀን 1911 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንክሻየር ውስጥ፣ ቤሪ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አካባቢው የጥጥ መፍተያና የሽመና ፋብሪካዎች አገር ነበር። ይህ የፋብሪካ አገርነት ኋላ በታሪኩ ውስጥ ያልተጠበቀ ድርሻ ይኖረዋልና አንባቢ ልብ ይበለው። አባታቸው መድኃኒት ቤት የነበራቸው ፋርማሲስት፣ እናታቸው ደግሞ ነርስ ነበሩ። በዚያው በቤሪ ተምረው በ1929 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1935 ተመረቁ። በተከታዩ ዓመት፣ ገና በ25 ዓመታቸው፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባል የሚያደርጋቸውን ፈተና አለፉ። ብዙዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚደርሱበትን ደረጃ በዚያ ዕድሜ መያዛቸው ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በ1940 የእንግሊዝ ጦር የሕክምና ክፍልን ተቀላቀሉ። የተሸነፈው ጦር በባሕር ከደንከርክ ሲወጣ ተካፋይ ነበሩ። ከዚያ ወደ ግብፅ ተላኩ። ካይሮ ላይ የአጥንት ሐኪምነት ሥራቸው ከወርክሾፕ ጋር ተጋባ። ለቆሰሉ ወታደሮች እግር መደገፊያ ብረቶችን ይነድፋሉ፣ ከወታደር መካኒኮች ጋር ቆመው ያሠራሉ፣ የተሠራውን በበሽተኛው ላይ ይሞክራሉ። ብረት፣ ብሎንና ቶርኖ ከቢላዋ እኩል የሐኪም መሣሪያ መሆናቸውን የተረዱት እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ የአጥንት ሐኪም በቀዶ ሕክምና ዓለም ውስጥ ከአናጢ ብዙም ተለይቶ አይታይም ነበር። ቻርንሊ አናጢነቱን አላፈሩበትም፤ እንዲያውም በሳይንስ ደረጃ ሊያደርሱት ተነሱ።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ማንቸስተር ተመልሰው በታዋቂው የአጥንት ሐኪም በሰር ሃሪ ፕላት ሥር መሥራት ጀመሩ። በ1946 ለጥቂት ወራት ወደ ኦስዌስትሪ የአጥንት ሆስፒታል ተልከው ሳለ፣ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ የተተከለ አጥንት ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈለጉ። ሙከራውን የሠሩት በሌላ ሰው ላይ አልነበረም። የሥራ ባልደረባቸው ከገዛ የቅልጥም አጥንታቸው ላይ ቁራጭ እንዲያነሳ አደረጉ። ቁስሉ መረቀዘ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንቱ ገባ፤ እሳቸውም ተኝተው ዳግመኛ መቀደድ ግድ ሆነባቸው። ከዚህ በኋላ የሚተዋት ሰው ብዙ ነው። ቻርንሊ ግን ይህቺን ልማድ አልተዋትም፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሰውባታል።

በ1947 የማንቸስተር ሮያል ኢንፈርመሪ አማካሪ ሐኪም ሆኑ። በ1950 ስብራትን ያለ ቀዶ ሕክምና ስለማከም ያሳተሙት መጽሐፍ በብዙ አገሮች የሐኪሞች መማሪያ ሆነ። ከዚሁ ጋር በዚያው ዘመን ስማቸውን ያስጠራው ሥራ በጉልበት ላይ የሠሩት ነው። ያን ጊዜ በቁርጥማት ወይም በሳንባ ነቀርሳ ጉልበቱ ለተበላ ሰው የነበረው አስተማማኝ መፍትሔ የታፋንና የቅልጥም አጥንት ጫፎችን ቆርጦ፣ ገጥሞ፣ አንድ ወጥ አጥንት ሆነው እንዲያያዙ ማድረግ ነበር። ቻርንሊ በሁለቱም በኩል በብሎን የሚጠብቅ መቆንጠጫ ሠርተው፣ አጥንቶቹ በኃይል ተጫጭነው ሲቆዩ ቶሎና በጽኑ እንደሚያያዙ አሳዩ። ሥራውን በ1948 አሳተሙት፤ በ1953 ደግሞ ሙሉ መጽሐፍ አደረጉት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በዚህ ዘዴ የታከመ ሰው ሕመሙ ይጠፋለታል። እግሩም ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። ነገር ግን ጉልበቱ ዳግመኛ አይታጠፍም። አውቶቡስ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ደረጃ ሲወጣ አንዱን እግር ይጎትታል፣ መሬት የወደቀ ነገር ለማንሳት መላ መፈለግ አለበት። ጽናቱ ሙሉ፣ እንቅስቃሴው ባዶ ማለት ነው። ቻርንሊ በዚህ ሥራ ሊመሰገኑና ሊያርፉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ስለ መቆለፍ የጻፉት ሰው ቀጣዩን ዕድሜያቸውን ስለ መክፈት ሲያስቡ ኖሩ።

ለዚህ ያነሳሳቸው ነገር አስቂኝ ይመስላል። በፓሪስ ሁለቱ የጁዴ ወንድማማቾች ከ1946 ጀምሮ የተበላውን የታፋ አጥንት ራስ ቆርጠው በምትኩ ከአክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠራ ራስ ይተክሉ ነበር። ይህ የተተከለላቸው አንድ ሰው ወደ ቻርንሊ መጡ። ሰውየው ሰውነታቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ዳሌያቸው ሲጥ ሲጥ ይላል። ድምፁ እንዲህ ከመሆኑ የተነሳ ሚስታቸው አብረው አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ እስኪያቅታቸው ደርሰው ነበር። ሌላ ሐኪም ቢሆን ሕመም እስከሌለው ድረስ ጩኸቱን ችላ ይለው ይሆናል። ቻርንሊ ግን የሚጮኸው ነገር እየተፋተገ መሆኑን አሰቡ። የሚፋተግ ነገር አጥንቱን ይዞ ይጎትታል፤ እየጎተተም ከተተከለበት ይነቅላል። እንግዲህ ጥያቄው ሕክምና ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሰበቃ ጥያቄ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ከማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ጋር ተቀመጡ። የተፈጥሮ መገጣጠሚያ በበረዶ ላይ ከሚንሸራተት ብረት እንኳ ይበልጥ የሚያንሸራትት መሆኑን ተረዱ። ይህን የሚያደርገው የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ቅርጭጭት ነው። ቅርጭጭቱ ካለቀ በኋላ ሌላ ፈሳሽ ቢጨመርበት አይመለስም። ስለዚህ በራሱ የሚያንሸራትት ሰው ሠራሽ ነገር መፈለግ ነበረባቸው። የተገኘውም ዛሬ በየቤታችን መጥበሻ ላይ የምናውቀው ቴፍሎን ነው።

ይህን ሥራ በሙሉ ኃይላቸው ለመሥራት ከከተማው ትልቅ ሆስፒታል ራቅ ብለው፣ ዊጋን ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ራይቲንግተን ሆስፒታል ሄዱ። ራይቲንግተን የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ማገገሚያ የነበረ፣ በሽታው በመድኃኒት ሲሸነፍ አልጋው እየተለቀቀ የመጣ ቦታ ነው። በ1961 የዳሌ ቀዶ ሕክምና ማዕከል በይፋ ተከፈተ። ሆስፒታሉ ውስጥ ወርክሾፕ ነበር፤ ወርክሾፑ ውስጥም ሃሪ ክሬቨን የሚባሉ ቴክኒሻን ነበሩ። ይህ ስም በታሪኩ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

የቻርንሊ ዳሌ ሦስት ነገሮች ነበሩት። አንደኛው ወደ ታፋ አጥንት ውስጥ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ክብ ራስ ያለው የማይዝግ ብረት ነው። የራሱን ስፋት ሌሎች ከሚጠቀሙበት በእጅጉ አሳንሰው 22 ሚሊ ሜትር ገደማ አደረጉት። ራሱ ሲያንስ ሶኬቱን ለማዞር የሚጎትተው ኃይልም ያንሳል ብለው ነው። ሁለተኛው ክቡ ራስ የሚሽከረከርበት የፕላስቲክ ሶኬት ነው። ሦስተኛው ሁለቱን ከአጥንት ጋር የሚያጣብቀው ሲሚንቶ ሲሆን፣ ይህም የጥርስ ሐኪሞች ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠሩበት አክሪሊክ ጋር አንድ ዘር ነው። ሲሚንቶው እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ አይደለም። ወደ አጥንቱ ቀዳዳዎች ገብቶ ሲደርቅ ሸክሙን በሰፊው ያካፍለዋል።

ውጤቱ በመጀመሪያ ድንቅ ነበር። ለዓመታት በክራንች የሄዱ ሰዎች ከሕመም ተላቀው በእግራቸው ከሆስፒታል ወጡ። ዜናው ተሰማ፤ ከሌላ አገር ሐኪሞች መምጣት ጀመሩ። እንደ ዛሬው ዘመን ቢሆን ኖሮ ዕቃው በዚያው ዓመት በየገበያው ይውል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሰዎቹ ሕመማቸውን ይዘው ተመለሱ። በራጅ ሲታዩ ብረቱ ቴፍሎኑን ሰርስሮ ገብቷል። የባሰው ደግሞ ከቴፍሎኑ የተፋቀው ዱቄት ነበር። ሰውነት ዱቄቱን እንደ ጠላት ይዋጋዋል፤ በዚያ ውጊያ ውስጥ የራሱን አጥንት እየበላ ብረቱን ከቦታው ያናጋዋል። ቴፍሎን የገባላቸው ሰዎች 300 ገደማ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች መልሶ መቅደድ፣ የገባውን ማውጣት፣ የተበላውን አጥንት ማጽዳት ግድ ሆነ።

የአንድ ባለሙያ ባሕርይ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ቻርንሊ የበሽተኞቹን መውፈር፣ የነርሶቹን ስንፍና ወይም የፋብሪካውን ጥራት ምክንያት ማድረግ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ሥራው መውደቁን በሙያ መጽሔት ላይ ጻፉት። በ1963 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ደብዳቤ የገለጹት ሙከራ ደግሞ ከ17 ዓመት በፊት ኦስዌስትሪ ላይ ያደረጉትን ያስታውሳል። የቴፍሎንና የሌላ ፕላስቲክ ቁራጮች በገዛ ጭናቸው ሥጋ ውስጥ እንዲቀበሩ አድርገዋል። ከ9 ወር በኋላ ቴፍሎኑ የተቀበረበት ቦታ አብጦ በእጅ ይዳሰስ ነበር። ሌላኛው ፕላስቲክ ግን ያደረሰው ነገር አልነበረም።

ያ ሌላኛው ፕላስቲክ ከየት መጣ? በሜይ 1962 አንድ የዕቃ ሻጭ ወደ ራይቲንግተን ወርክሾፕ መጣ። ይዞት የመጣው በላንክሻየር የሽመና ማሽኖች ውስጥ የጥርስ ክፍል የሚሠራበት ጠንካራ ፖሊኢትሊን ነበር። የሽመና ማሽን ጥርስ ቀኑን ሙሉ ሲፋተግ ይውላልና፣ ሰውየው ዳሌም ቢሆን ይፋተጋል ብሎ ነው የመጣው። ክሬቨን ዕቃውን ለአለቃቸው አሳዩ። ቻርንሊ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን ብለው አዩትና ጊዜ ማባከን ነው ብለው ሄዱ። ክሬቨን ግን አለቃቸው ወደ ኮፐንሃገን በሄዱበት ጊዜ ቁራጩን በፍትጊያ መሞከሪያ ማሽኑ ላይ አሰሩት። ማሽኑ ሌት ተቀን ሠራ። ቻርንሊ ተመልሰው ሲመጡ ፖሊኢትሊኑ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያለቀው፣ ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚያልቀው ያነሰ ሆኖ አገኙት።

በዚህ ቦታ ላይ የሕግ ሰው ልቡ ይነካል። በሕግ ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ መሆን አይችልም። ቻርንሊ በአንድ ሥልጣን ፈጣሪውም፣ ሐኪሙም፣ የውጤቱ መርማሪም ነበሩ። በዚያ ላይ ቁጡና ፍጹምነትን የሚሹ፣ ከእሳቸው ጋር መሥራትም ቀላል ያልነበረ ሰው ናቸው። ሆኖም በወርክሾፓቸው ውስጥ ለአለቃ የማይፈራ አንድ ማሽን ነበር፤ ከማሽኑ አጠገብም አለቃ እንቢ ያለውን የሚሞክር አንድ ቴክኒሻን ነበር። ማስረጃው ሲቀርብ ደግሞ አለቃው የቀድሞ ቃላቸውን አላስቀደሙም። በኖቬምበር 1962 የመጀመሪያውን ባለ ፖሊኢትሊን ዳሌ ተከሉ። ዛሬ ሰው ሠራሽ ጉልበትና ዳሌ ለሚሊዮኖች የደረሰው በዚያ ውሳኔ በኩል ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ከፈጠራው ያላነሰ ነው። ዕቃውን የሚሠራው በሊድስ ከተማ የነበረው የታክሬይ ኩባንያ ነበር። ቻርንሊ ግን አንዴ በቴፍሎን ተቃጥለዋልና፣ ዕቃው ለማንኛውም ገዢ እንዲሸጥ ለዓመታት አልፈቀዱም። መጠቀም የፈለገ ሐኪም መጀመሪያ ራይቲንግተን መጥቶ መማር ነበረበት። ገበያ በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ፣ ባለቤቱ ጊዜ ይፍረድ ብሎ ሲዘጋ ማየት ያኔም ዛሬም ብዙ የተለመደ አይደለም።

ጊዜ እንዲፈርድ ደግሞ ምስክር ያስፈልጋል። ስለዚህ በሽተኞቻቸውን እስከ ዕድሜ ልካቸው ይከታተሉ ነበር። ከዚያም አልፈው፣ ከሞቱ በኋላ የተተከለላቸው መገጣጠሚያ ወጥቶ እንዲመረመር ፈቃዳቸውን ጠየቁ። ብዙዎቹ ፈርመው ሰጡ። ይህን ከኑዛዜ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ሰዎቹ ለሐኪማቸው ያወረሱት ገንዘብ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ፕላስቲኩ ምን ያህል እንደሳሳ፣ ሲሚንቶው ከአጥንቱ ጋር ምን እንደሆነ የታወቀው በእነዚያ ሰዎች ቸርነት ነው።

ሦስተኛው ጦርነታቸው ከኢንፌክሽን ጋር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ በሽተኞች ከ7 በላይ በሚሆኑት ላይ ቁስሉ ይመረቅዝ ነበር። ብረት የተተከለበት መገጣጠሚያ ከመረቀዘ ብዙ ጊዜ መውጣት አለበት። ቻርንሊ ጥፋቱን በቀዶ ሕክምና ክፍሉ አየር ላይ ፈለጉ። የጥጥ ፋብሪካዎችን አየር ከሚያጣሩ መሐንዲሶች ጋር ሆነው፣ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ትንሽ የመስታወት ክፍል አሠሩ። የተጣራ አየር ከላይ ይወርዳል፤ ቀዳጆቹ ትንፋሻቸውን በቱቦ የሚያወጣ ልብስ ይለብሳሉ። ቁጥሩ ወደ 1 በመቶ አካባቢ ወረደ። ጥጥና ሽመና ለሁለተኛ ጊዜ መድኃኒት ሆኑ ማለት ነው።

ወደ ጉልበት እንመለስ። ጉልበት ከዳሌ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ዳሌ ክብ ኳስ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደሚሽከረከር ነው። ጉልበት ግን ሲታጠፍ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታል፣ ትንሽም ይዞራል፤ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያደርጋል። ጀርመናዊው ቴሚስቶክለስ ግሉክ በ1890 ከዝሆን ጥርስ ጉልበት ሠርተው ተክለው ነበር፤ ኢንፌክሽን አሸነፈው። ከዚያም በ1950ዎቹ እንደ በር ማጠፊያ ያለ ብረት የተከሉ ሐኪሞች ነበሩ። በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፋል፤ ጉልበት ግን ይዞራል። እግር ሊዞር ሲል ብረቱ ስለማይፈቅድለት ኃይሉ ሁሉ ብረቱ በተተከለበት አጥንት ላይ ያርፋል፤ ብዙዎቹም በዚህ ተናጉ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ፍራንክ ጋንስተን የሚባሉ ካናዳዊ ሐኪም ራይቲንግተን መጥተው ከቻርንሊ ዘንድ ይማሩ ነበር። ጋንስተን ምህንድስናም የተማሩ ናቸው። በ1968 የቻርንሊን ብረት፣ ፖሊኢትሊንና ሲሚንቶ ወስደው ወደ ጉልበት አዞሩት። በማጠፊያ ፋንታ ከታፋው በኩል ክብ የብረት መንሸራተቻ፣ ከቅልጥሙ በኩል የፕላስቲክ ቦይ አደረጉ። የጉልበቱ ጅማቶች በቦታቸው ቆይተው እንቅስቃሴውን እንዲመሩ ተውት። ውጤታቸው በ1971 ታተመ። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ እንግሊዝ የተወለዱት ጆን ኢንሶል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1974 የጉልበቱን ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን መገጣጠሚያ መትከል ጀመሩ። ዛሬ የሚተከሉት አብዛኞቹ ጉልበቶች የዚያ ልጆች ናቸው። ሦስቱ ነገሮች ግን አሁንም ያው ብረት፣ ፖሊኢትሊንና ሲሚንቶ ናቸው።

ስንት ዓመት ይቆያል ለሚለው ጥያቄ ዛሬ የተሻለ መልስ አለ። በ2019 ላንሴት ላይ በወጣ፣ የብሔራዊ መዝገቦችን መረጃ በሰበሰበ ጥናት መሠረት፣ ሙሉ ለሙሉ ከተተኩ ጉልበቶች ከመቶ 82 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። ለዳሌ ቁጥሩ 58 ነው። ይህ አማካይ ነው። ሰው በወጣትነቱ ባስተከለ ቁጥር ብዙ ይራመድበታልና ዳግመኛ የመቀደድ ዕድሉ ይጨምራል። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት፣ በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሚያስተክሉ ወንዶች ከመቶ 35 ያህሉ በዕድሜያቸው አንድ ቀን ሊቀየርላቸው እንደሚችል ገምቷል። ከ70 ዓመት በኋላ ለሚያስተክል ሰው ግን ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ፖሊኢትሊኑ ራሱም ችግር አላጣውም። በጋማ ጨረር አየር ባለበት ማሸጊያ ውስጥ ሲመከን፣ ኦክስጅን እየበላው መደርደሪያ ላይ እንዳለ እንደሚሰባበር የታወቀው በ1990ዎቹ ነው። ያንንም ያጋለጠው ከሰዎች ተመልሶ የወጣው ፕላስቲክ ነው።

ይታጠፋል ወይ ለሚለው ደግሞ መልሱ በዲግሪ ይለካል። ሜዳ ላይ ለመራመድ 70 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ ይበቃል። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ወደ 90 ይጠጋል፤ ከዝቅተኛ ወንበር ለመነሳት 105 ገደማ ያስፈልጋል። የተተካ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ይታጠፋል። ቁጢጥ ለማለት ግን ከ130 በላይ ይጠይቃል። እንግዲህ ጉልበቱን ያስለወጠ ሰው ገበያ ይሄዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ መኪና ይነዳል። ቡና በሚፈላበት በርጩማ ላይ መቀመጥና መነሳት ሊያስቸግረው ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ግንባርን መሬት አስነክቶ መስገድ፣ መስጊድም በሶላት ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ለብዙዎች ከባድ ሆኖ ይቀራል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚገኘውን እጥፋት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረው እጥፋት ነው። ስለዚህ ጉልበቱ እስኪደርቅ ድረስ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙን ችሎ በፊዚዮቴራፒ ያላጠፈው ሰውም እንዲሁ። እነዚህን ከቢላዋው በፊት የሚነግር ሐኪም ሐቀኛ ነው።

ቻርንሊ በ1957 ጂል ሂቨርን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። ክብር የመጣላቸው ዘግይቶ ነበር። በ1974 አሜሪካ ውስጥ የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ1975 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ፤ በ1977 ሰር ተባሉ። በ1979 የዳሌ ሥራቸውን ጠቅልለው በመጽሐፍ አሳተሙ። ኦገስት 5 ቀን 1982 በ70 ዓመታቸው አረፉ። ከእሳቸው በኋላ ራይቲንግተን ላይ የቀሩት ሐኪሞች የበሽተኞቹን ክትትል አላቋረጡም። በእሳቸው ዘመን ከተተከሉት መገጣጠሚያዎች መካከል ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ መኖራቸው የታወቀውም በዚያ ክትትል ነው።

ነገር ግን ትምህርቱ ሁሉ የተወረሰ አይደለም። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከር ሰፊ ራስ ያለው ዳሌ፣ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፣ ይበልጥም ይቆያል ተብሎ በብዙ አገሮች ተሸጠ። ኤኤስአር የሚባለው ዓይነት በዓለም ዙሪያ 93 ሺሕ ገደማ ሰዎች ውስጥ ከገባ በኋላ በ2010 ከገበያ ተሰበሰበ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከስምንቱ አንዱ መቀየር አስፈልጎት ነበርና ነው። ያን ጥፋት ያጋለጠው ሻጩ አልነበረም። የተተከለውን ሁሉ፣ የተቀየረውን ሁሉ የሚቆጥሩ መዝገቦች ናቸው። ስዊድን የጉልበት መዝገብ የጀመረችው በ1975፣ እንግሊዝና ዌልስ የመገጣጠሚያ መዝገባቸውን የከፈቱት በ2003 ነው። መዝገብ ማለት የቻርንሊን ልማድ ከአንድ ሰው ባሕርይ ወደ ሕግ ማሸጋገር ማለት ነው። የአንድ ሰው ሐቀኝነት ከሰውየው ጋር ይቀበራል፤ ሕግ ግን ይቀራል።

ውጭ አገር ሄዶ ጉልበቱን አስለውጦ ለሚመለስ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የተከለው ሐኪም ባሕር ማዶ ነው፤ የተተከለው ዕቃ እሱ ውስጥ ነው። በየዕቃው ማሸጊያ ላይ የሠሪው ስም፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት አለ። ያን ወረቀት ሳይቀበል ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው፣ ነገ ዕቃው ከገበያ ቢሰበሰብ የእሱ ይሁን የሌላ አያውቅም። ጉልበቱ ቢላላበትና የአገር ቤት ሐኪም ቢቀይርለት እንኳ፣ ሐኪሙ ምን ብሎ ምን እንደሚያዝ አያውቅም። ወረቀቱን ከቤት ካርታ ጋር ማስቀመጥ፣ ሕመም ባይኖርም በየጊዜው ራጅ መነሳት፣ ከመተከሉም በፊት ይህ ዓይነት ለስንት ዓመት ተፈትኗል ብሎ መጠየቅ የበሽተኛ መብት ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሻጭ፣ ቻርንሊ ቴፍሎንን ሲተክሉ ከነበሩበት ቦታ ላይ ነው ያለው። እሳቸው ያን ጊዜ አያውቁም ነበር። ዛሬ ግን ይታወቃል።